ስቴሪዮው የት ይቀመጥ?

ዕቁብ ሲወጣ አልጋውና ቁም ሳጥኑ ቀድመው ተሟልተው ከሆነ በብዙ ቤት ቀጥሎ የሚነሣው የሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ ነው። አባት ወይም ትልቁ ልጅ መርካቶ ወርዶ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ያለው ስቴሪዮ በተሸካሚ አስይዞ ይመጣል። የቡፌው ዳንቴል ይነሣል፣ ብርጭቆው ተሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ መሣሪያው ይሰካል፣ ድምፁም ይለቀቃል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ደስተኛ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሕፃኑ እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል፤ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ በግድግዳ የምትዋሰነው ጎረቤት ሰላምታዋ ይቀዘቅዛል። እናትም ከሥራ ደክማ ስትመለስ «ኧረ ይህን ነገር ቀንሱልኝ» ስትል ታመሻለች።

በእንዲህ ያለው ጊዜ መሣሪያውን መጥላት ይቀናል። ይሁን እንጂ ሙዚቃም ሆነ ራዲዮ ለሠራተኛ ቤተሰብ ትልቅ መዝናኛ ነው፤ ሽንኩርት እየከተፈች ዜና የምትሰማ፣ ልብስ እየተኮሰች የወጣትነቷን ዘፈን የምታዳምጥ እናት ይህን ደኅና አድርጋ ታውቃለች። ችግሩ የሚመጣው ለሰፊ ሳሎን የተሠራ ዕቃ በአንዲት ክፍል ውስጥ ባገኘው ቦታ ላይ ሲቀመጥ ነው። መሣሪያውን የሚገዛውና የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆንም በክፍሉ ውስጥ ረዥሙን ሰዓት የምታሳልፈው እናት ናት። ስለዚህ ቦታውንና የድምፁን መጠን በመወሰን ረገድ የእርሷ ቃል ሊቀድም ይገባል እንላለን። ቃሏ ተሰሚ እንዲሆን ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ይጠቅማታል።

እንደሚታወቀው በመርካቶ ዙሪያ፣ በሰባተኛ፣ በአብነትና በጎጃም በረንዳ በኩል ያሉት አሮጌ ቤቶች በአብዛኛው ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ በቀበሌ ሥር ሆነው የቆዩት ብዙዎቹ ናቸው። አንዱ ቤት በሳንቃ ወይም በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ የሆነበት ቦታም አለ። ከእነዚህ ሠፈሮች ብዙ ሰው ተነሥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ በዚያም ቢሆን ክፍሉ ጠባብ፣ ግድግዳውም የጋራ ስለሆነ የምንለው ነገር ያን ያህል አይለወጥም።

ቀደም ባለው ጊዜ እንዲህ ያለው ችግር የጥቂት ቤቶች ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የሀገራችንን ዘመናዊ ዘፈኖች በሸክላ ማሳተም ሲጀምር የሸክላ ማጫወቻ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም፤ ብዙው ሰው ዘፈኑን የሚሰማው በቡና ቤትና በራዲዮ ነበር። ነገሩን የለወጠው ካሴት ነው። የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ይህ ትንሽ ዕቃ በሀገራችን ሸክላን ከገበያ አስወጥቶ ሙዚቃን በየጓዳው አስገባ። በሰዓት እላፊው ዘመን ደግሞ ከመሸ በኋላ ወጥቶ መዝናናት ስላልተቻለ ቴፕ ያለው ቤት የሠፈሩ መሰብሰቢያ ሆነ። ዛሬ በፍላሽና በስልክ የሚሠራው መሣሪያ ዋጋውም መልኩም ተለውጧል፤ ድምፁ ግን በዚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚለቀቀው።

ስቴሪዮ የሚባለው ድምፁ በሁለት መንገድ፣ በግራና በቀኝ ተለያይቶ የተቀዳና ተለያይቶ የሚወጣ በመሆኑ ነው። ሁለቱ ጆሮዎቻችን አንድ ድምፅ ከወዴት እንደመጣ የሚለዩት ለአንደኛው ጆሮ በጥቂቱ ቀድሞና ጠንክሮ ስለሚደርስ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች በትክክል ሲቀመጡ ዘፋኙ በመካከል የቆመ፣ ሳክስፎኑ በአንድ ወገን፣ ከበሮው በሌላው ወገን ያለ ይመስላል። በብዙ ቤቶች ግን ሁለቱ ስፒከሮች በመሣሪያው ግራና ቀኝ ተለጥፈው ወይም አንዱ ቁም ሣጥን ላይ ሌላው አልጋ ሥር ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ከሆነ ለስቴሪዮ የተከፈለው ገንዘብ ለአንድ ትልቅ ራዲዮ እንደተከፈለ ይቆጠራል።

እንግዲህ አንድ ክፍል እንውሰድ፤ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ይሁን። በር ያለው በአንደኛው አጭር ግድግዳ ነው። በግራ በኩል አልጋው፣ በቀኝ በኩል ከጎረቤት የሚለየው የሳንቃ ግድግዳ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ወፍራሙና በጭቃ የተመረገው የቤቱ ጀርባ አለ። ስቴሪዮው ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ቡፌው ባለበት፣ ማለትም በሳንቃው ግድግዳ ላይ ነው። ለጎረቤት ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ቀጭኑ ድምፅ፣ ለምሳሌ የጸናጽልና የክራር ድምፅ፣ መጋረጃና ጋቢ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙ የከበሮና የቤዝ ጊታር ድምፅ ግን በሳንቃ ውስጥ እንደ ልብ ያልፋል። ጎረቤት የምትሰማው ዘፈኑን ሳይሆን ድም ድም የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህም ዘፈኑን ሙሉ ከመስማት ይልቅ ያሰለቻል።

ሁለተኛው የተለመደ ቦታ ጥግ ነው። ስፒከር ወደ ግድግዳ በተጠጋ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጥግ ውስጥ ሲገባ ሁለት ግድግዳና ወለል፣ ወይም ሁለት ግድግዳና ኮርኒስ ያንኑ ድምፅ እየመለሱ የባሰ ያጎሉታል። ከዚህም በላይ ጠባብ ክፍል የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በሴኮንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ ራሱን በራሱ ያጠነክራል፤ በ3 ሜትሩ ስፋት ደግሞ 57 ጊዜ የሚርገበገበው እንዲሁ ይሆናል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ድምፅ 41 ንዝረት ስለሆነ ሁለቱም በዘፈን ውስጥ በየጊዜው የሚመጡ ናቸው። በአንዳንድ ዘፈን ላይ የቡፌው ብርጭቆ በድንገት የሚንቀጠቀጠው፣ በሌላው ግን ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በዚህ በምሳሌነት በወሰድነው ክፍል ውስጥ ተገቢው ቦታ ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ከጥጉ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ በመካከላቸው 1 ሜትር ተኩል ይተርፋል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ወጣ ብለው ይቀመጡ፤ ፊታቸው ወደ ሰሚው ጥቂት ዘወር ይበል። ሰሚውም ከሁለቱ በእኩል ርቀት፣ እንደገና 1 ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ሦስቱ ቦታዎች ባለ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ቢስተካከል መልካም ነው፤ በርጩማ ላይም ሆነ አልጋ ጫፍ ላይ ለሚቀመጥ ሰው 1 ሜትር ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ቀርቦ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። በጠባብ ክፍል ውስጥ የመኖር አንዱ ጥቅም ይህ ይመስለናል፤ ባለ ሰፊ ሳሎኑ ሙዚቃውን ለመስማት መጮህ ያለበትን ያህል ባለ አንድ ክፍሉ አይጮኽም።

በእርግጥ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ስፒከርን ዳዴ የሚል ልጅ ይደርስበታል። ብዙ እናቶች ቁም ሣጥን ጫፍ ላይ የሚሰቅሉት ይህን ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁም ሣጥን ላይ የወጣ ከባድ ስፒከር ገመዱ ሲጎተት በልጅ ራስ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ይልቅ አናጢ ግድግዳው ላይ ካለው ማገር ጋር አጥብቆ የሚመታው ጠንካራ መደርደሪያ ማሠራትና ሽቦውን በግድግዳው ላይ በትንንሽ ሚስማር ማስያዝ ይሻላል። በመደርደሪያውና በስፒከሩ መካከል ቁራጭ ጎማ ማድረግም ንዝረቱ ወደ ግድግዳው እንዳይተላለፍ ይረዳል። በረባሶ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ቁራጭ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፤ አራት እጥፍ የሆነ አሮጌ ብርድ ልብስም ያገለግላል።

አልጋ፣ ፍራሽ፣ ጋቢና መጋረጃ የሞላበት ክፍል ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፣ ወፍራሙን ግን አይነካውም። በመሆኑም በጠባብ ክፍል ውስጥ «ቤዝ» የሚለውን ቁልፍ ከመካከለኛው በታች ማውረድ ይገባል። ወጣቶች ይህን አይወዱም። አንድ ሳምንት ታግሠው ቢሰሙት ግን ቀድሞ በድም ድም ተሸፍኖ የነበረውን የዘፈኑን ቃል በደንብ ማዳመጥ ይጀምራሉ። በክረምት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁ ከፍ ይደረጋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ግን ዝቅ ማድረጉን የሚያስታውስ አይገኝም።

ሽቦው ሲታሰር የሚፈጸም አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በመሣሪያው ጀርባና በስፒከሩ ላይ ቀይና ጥቁር ማሰሪያዎች አሉ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር በሁለቱም ስፒከር ላይ መገናኘት አለበት። በአንደኛው ላይ ከተገለበጠ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ቤተሰቡም መሣሪያው ደካማ መስሎት ድምፁን ይጨምራል። መፈተኛው ቀላል ነው። ዜና የሚያነብ የአንድ ሰው ድምፅ በራዲዮ ይክፈቱ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አንባቢው በመካከል ያለ ከመሰለዎት ልክ ነው። ድምፁ ቦታ አጥቶ በክፍሉ ውስጥ የተበተነ ከሆነ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ይገልብጡት፤ በዚያን ጊዜ ግን መሣሪያው ከሶኬት መነቀል አለበት።

ገና ያልገዛ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ስለ ዋት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት»፣ «2000 ዋት» ተብሎ ተጽፎ፣ በጎኑ በትንሹ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ይታያል። ይህ ቁጥር ለቅጽበት ያህል ይደርሳል ተብሎ የተሰላ፣ ለገበያ የተጻፈ ነው፤ የመሣሪያውን እውነተኛ ጉልበት አይናገርም። ሻጩን ዕቃውን እንዲያዞርልዎ ይጠይቁና በጀርባው ላይ የተለጠፈውን ይመልከቱ። በዚያ ላይ የሚፈጀው ኃይል ለምሳሌ 40 ዋት ነው የሚል ከሆነ ከ40 ዋት በላይ ድምፅ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም፤ ያልበላውን ከየት ያመጣል? ደግሞም ለጠባብ ክፍል ብዙ ዋት አያስፈልግም። ተራ ስፒከር 1 ዋት ብቻ ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል ድምፅ ያወጣል፤ ይህ ራሱ ለቤት ከሚገባው በላይ ነው። ዋቱን በእጥፍ ማሳደግም የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ጆሮ እምብዛም አይለየውም። ለትልቁ ዋት የሚጨመረው ገንዘብ ለተማሪው ጠረጴዛና ወንበር ቢሆን ይሻላል።

በሱቅ ውስጥ መሣሪያ የሚሞከረው ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ ነው። ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ለጊዜው ጥሩ ይመስላል። ስለዚህ የሚያውቁትን ዘፈን በፍላሽ ወይም በካሴት ይዘው ይሂዱ፤ በቤትዎ በሚያዳምጡበት መጠን ዝቅ አድርገው ያሰሙ። በዝቅታ ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ዕቃ ለጠባብ ክፍል የተመረጠ ነው። ያገለገለ የጃፓን ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከጀርባው ያለውን የቮልት መምረጫ ይይ፤ የሀገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን የጃፓን 100፣ የአሜሪካ 120 ነው። መምረጫው የሌለውና በ110 ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። ደረሰኝና ዋስትና ሳይጽፉ መውጣት ተገቢ አለመሆኑን መቼም ለመርካቶ ደንበኛ መንገር አያሻም።

በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ጎረቤቶች መካከል ስቴሪዮ ሲገባ «ሒሳቡን አስወደዳችሁብን» የሚል ቅሬታ አይጠፋም። ስሌቱን ብንሠራው 40 ዋት የሚፈጅ ስቴሪዮ በቀን 5 ሰዓት ቢከፈት በወር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይቆጥራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ስለሚፈጅ በአንድ ሰዓት ጋገራ ብቻ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ይህም ስቴሪዮው በ17 ቀን ውስጥ የሚፈጀውን ማለት ነው። ቅሬታ ከተነሣ ይህን ቁጥር ቡና ላይ ማንሣት ይቻላል።

ምጣድን ካነሣን ዘንድ፣ ዲቫይደር በሚባለው ማከፋፈያ ላይ ምጣድና ስቴሪዮ በአንድነት መሰካት አደገኛ ነው። ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ሲስብ ብዙው ማከፋፈያ የተሠራው ለ10 አምፔር ነው። ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያም ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ክፍልፋዩ ሳንቃ በሆነ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ማሰብ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ሁሉ እሳት በተጠጋጋ ቦታ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመትና መኪና ለማስገባት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል። በስቴሪዮው በኩል የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ብዙ አይደለም። ገመዱ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ሥር አይዋል፤ እየተረገጠ ሲላጥ አይታይምና። በበዓል ቀን እርጥብ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ማከፋፈያው ከወለሉ ይነሣ። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን መንቀል ይገባል፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሆነ መሣሪያው የሚበላሸው በዚያች ደቂቃ ነው። ጭስ ከታየ ውኃ ከመድፋት በፊት ከቆጣሪው ላይ ማጥፋት ይቀድማል። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር 939 መሆኑን ልጆችም ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የልጆች ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሙዚቃ ማዳመጥን በሚመለከት ባወጣው መመዘኛ መሠረት አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ ጉዳት አያገኘውም ተብሎ ይታሰባል፤ ለልጆች የተወሰነው ግን 75 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት፣ በ89 ሲሆን 5 ሰዓት ብቻ፤ ይኸውም ለአዋቂና ለሳምንቱ ሙሉ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አንዴ ከተጎዱ በሰው ላይ እንደገና አይበቅሉም። ጉዳቱ ሕመም የሌለውና ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ መምህሩ «ይህ ልጅ ሲጠሩት አይሰማም» እስኪሉ ድረስ ማንም ላያስተውለው ይችላል።

መለኪያ የሌላት እናት በቀላሉ የምታውቅበት ዘዴ አለ። አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ በክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ 85 ዴሲቤል አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። በዚህን ጊዜ የማን ዘፈን እንደሆነ ሳይጠየቅ መቀነስ አለበት። ትክክለኛው መጠን ከተገኘ በኋላ በቁልፉ ዙሪያ በጥፍር ቀለም ትንሽ ነጥብ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያች ነጥብ ማለፍ የለም። ይህ ከ«ቀንሱ፣ አንቀንስም» ክርክር ያድናል፣ በተለይም እናት ቤት በማትኖርበት ሰዓት። የሕፃኑ አልጋ በስፒከሮቹ ፊት ወይም በመካከላቸው መሆን የለበትም። አዋቂው ሲሰለቸው ተነሥቶ ይወጣል፤ ሕፃኑ ግን እንደተኛ ነው።

የተማሪ ልጅ ጉዳይ ከድምፁ መጠን ይልቅ የሰዓት ጉዳይ ነው። ዝቅ ያለ ሙዚቃ እንኳ ቃል ካለው አንብቦ ለመያዝ ያስቸግራል። ፈተና በሚቃረብበት ወቅት ከእራት በኋላ ያለው ጊዜ ለጥናት መተው አለበት፤ ለዚህም አባት ራሱ ኳስ የሚተላለፍበትን ራዲዮ በመዝጋት ምሳሌ ቢሆን ለልጆች መንገር አያስፈልግም ነበር።

ስለ ጎረቤት ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ማንም ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። በሀገሪቱ የአካባቢ ድምፅ መመዘኛም ለመኖሪያ ሠፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይሁን እንጂ ጉርብትና በክስ አይጸናም። በእኛ በኩል የምንመክረው ሌላ መንገድ ነው። ስቴሪዮው በተተከለበት በመጀመሪያው ምሽት ቡና ይፈላና ጎረቤት ትጠራ። «እትዬ፣ እስቲ ቤትዎ ገብተው ይስሙልኝ፤ ይደርስዎታል?» ይባል። እርሷ በግድግዳው ማዶ ሆና ትንኳኳ፤ እዚህ ደግሞ ቁልፉ በጥቂት በጥቂቱ ይውረድ። በቃ ያለችበት ቦታ ከላይ ያልነው የጥፍር ቀለም ነጥብ የሚደረግበት ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ወይም ዘበኛ ባል በቤቷ ካለ እንቅልፉ ቀን ስለሆነ ሰዓቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የጎረቤቷ ልጅ ራሱ ስቴሪዮ ሲገዛ ይኸው ወግ ይጠብቀዋል።

በግቢው ሐዘን ከደረሰ ስቴሪዮ እንደማይከፈት ሁሉም ያውቃል፤ ለአቅመ አዳም ላልደረሱት ግን ምክንያቱ ሊነገራቸው ይገባል። ድንኳኑ ቢነሣም፣ ሣልስቱ ቢያልፍም ሐዘንተኛዋን ሳይጠይቁ ሙዚቃ መክፈት በብዙ ግቢ ለዓመታት የዘለቀ ቅሬታ አስከትሏል። በዚህ ጊዜ ዜና ለመስማት የሚፈልግ ሰው በጆሮ ማዳመጫ ይስማ፤ ወይም አንዱን ስፒከር ነቅሎ ሌላውን በዝቅታ ይጠቀም።

አሁንም ካሴት የሚያጫውቱ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ የሰርግ ድምፅና የሟች አባት መልእክት የተቀዳው በካሴት ነውና። ካሴቶችን በስፒከር ላይ መደርደር አይገባም፤ በስፒከሩ ውስጥ ያለው ማግኔት የተቀዳውን ሊያጠፋ ይችላል። ማንደጃና ዕጣን ማጨሻ ከመሣሪያው አንድ ሜትር ከግማሽ ይራቅ፤ ጭሱ ክሩ በሚያልፍበት ብረት ላይ እየተለጠፈ ድምፁን ያፍነዋል። ድምፁ የታፈነ እንደሆነ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ብረቱንና ክሩን የሚስበውን ትንሽ ጎማ ቀስ አድርጎ መጥረግ ነው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ መደጋገም፣ ከዚያም ካሴቱን ከማስገባት በፊት አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ። ለመሣሪያው የሚሠራው ዳንቴልም የሙቀት መውጫ ቀዳዳዎቹን እንዳይሸፍን ተደርጎ ቢሠራ፣ ካልሆነም ሲከፈት ቢነሣ መልካም ነው።